አራት ቅጽሎችና የእናቴ አንገት

አምቦ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ኩራቱ ለቆኛል። በኩራቴ ዘመን ግን እንደ ዓይኔ ብሌን የምሳሳለት አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበረኝ።

ደብተሩን የጀመርኩት ረብሻው በርትቶ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ነው። ሌላው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ካርታ ሲጫወት እኔ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ የነገሮችን ቅርጽ፣ ልስላሴና ሻካራነት፣ አሠራርና አቋም የሚገልጹ ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት እለቅም ነበር። ከቃል ሁሉ ለምን ቅርጽ ላይ እንደተጣበቅኩ በእርግጠኝነት አላውቅም። ምናልባት የሐዘንና የፍቅር ቃላት ስለሚያስፈሩኝ ይሆናል። ብቻ ክብ፣ ሻካራ፣ ጎርባጣ ማለት የልጅ ንግግር ሆኖ ታየኝ። ክቡን "ስፌሪካል"፣ ወጣ ገባውን "አንጁሌቲንግ"፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን ሁሉ "ፖረስ" አልኩና ጻፍኩ። ሁለት መቶ ገጹ ሲያልቅ ሌላ ወረቀት ሰፋሁበት።

ደብተሩ ውስጥ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን አፌ ላይ ወጣ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዳቦ ቆረስኩና ቀዳዳዎቹን ወደ ብርሃን አዙሬ እያየሁ "ይህ ዳቦ በጣም ፖረስ ነው" አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የባዮሎጂ መምህር፣ ከወላይታ የመጣና ቀልድ የማያልቅበት ወዳጄ፣ "ወንድሜ፣ ስሙን ተወውና ብላው፤ ሻይህ ቀዘቀዘ" አለኝ። የባጃጅ ሾፌርም ከእኔ አልተረፈም። መንገዱ ሲያንገላታን "ይሄ መንገድ አንጁሌቲንግ ነው" ብለው በመስታወቱ ገልመጥ አድርጎኝ በኦሮምኛም በአማርኛም "ላኪ፣ አይደለም ቲቸር፤ ተቆፍሮ የተረሳ ነው" አለኝ። ልክ ነበር። ተቆፍሮ የተረሳ ነበር።

ወንጪ ላይ ደግሞ በተማሪዎቼ ፊት ተዋረድኩ። ለጉብኝት ይዣቸው ሄጄ ቁልቁለቱን በፈረስ ስንወርድ ሐይቁ ከታች ብቅ አለ። እኔ አንድ እጄን ከልጓሙ ላይ አንስቼ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደውን ሁሉ በክንዴ እያሳየሁ "ኮንኬቭ!" ብዬ ገና ሳልጨርስ ራሴን ጭቃ ውስጥ አገኘሁት። የፈረሱ ባለቤት እጄን ይዘው እያነሱኝ "መምህር፣ ልጓም በሁለት እጅ ነው የሚያዝ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያህል በኮሪደሩ ሳልፍ ከኋላዬ "ኮንኬቭ" የሚል ሹክሹክታ እሰማ ነበር።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ በሽታዬን አጋብቼባቸው ነበር። አንዲት ተማሪዬ ስለ አባቷ እንድትጽፍ ብጠይቃት "አባቴ ከፊት በኩል ኮንቬክስ ነው፤ ከኋላ ግን ጠፍጣፋ ነው" ብላ ጻፈች። ኮንቬክስ ወደ ውጭ የተነፋ ማለት ነው። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ ሥጋ ቤት አላቸው። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። አሁን ሳስበው ከእኔ በተሻለ ጽፋለች፤ ቢያንስ የጻፈችውን ነገር በደንብ ታውቀው ነበር።

እንዲህ እያልኩ ስሜ በሰፈሩ ወጣ። የሥራ ማመልከቻ፣ የኤምባሲ ፎርም፣ ውጭ አገር ላለ ድርጅት የሚላክ ደብዳቤ፣ እንግሊዝኛ የነካው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ሰዎቹ የሚፈልጉትን በሁለት መስመር ይነግሩኛል፤ እኔ ሁለት ገጽ አደርግላቸዋለሁ። ይመርቁኛል። ሥራውን ያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ግን ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ ነው ብለው አስበው አያውቁም። እኔም አላሰብኩም።

እናቴ የምትኖረው እኔም በተወለድኩባት በካቺሲ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ከእኛ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእንግዳ ጋር በአማርኛ፣ ስትናደድ በሁለቱም ታወራለች። የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ለፋሲካ አምቦ እኔ ዘንድ መጥታ ሰነበተች። ሙቀቱ ሰውን እያላበው እሷ ነጠላዋን ከአንገቷ አታወርድም። ብርድ ነው ስትለኝ አመንኳት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጠራችኝ። ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች። ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ቆዳዋ ሥር፣ አንድ እብጠት ነበር።

"ዓመት ሞላው" አለችኝ። "እስቲ እየው።"

እኔም አየሁት። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ አየሁት። ደነገጥኩ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ሰማያዊውን ደብተር አወጣሁ። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የነጠላው እጥፋት አንገቷ ላይ ጥላ ጥሏል። እኔ እያየሁ ጻፍኩ፣ እየጻፍኩ አየሁ። እሷ አንገቷን እንዳዘነበለች ቆየች።

"ጨረስክ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ጨረስኩ እማዬ።"

ነጠላዋን መልሳ ጠመጠመች። ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አላነሳችም፤ በማግስቱም ወደ ካቺሲ ተመለሰች።

ለባዮሎጂ መምህሩ ነገርኩት። የእህቱ ባል አዲስ አበባ ሐኪም ነው። "በቴሌግራም ጻፍለት፤ ደግ ሰው ነው፤ የሚደረገውን ይነግርሃል" ብሎ ቁጥሩን ሰጠኝ። በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ ብዬ አላመነታሁም። የሐኪም ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ አይደል? እኛ ዘንድ በሽታ ራሱ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ የሚታከም አይመስለንም።

መጀመሪያ የጻፍኩት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። እናቴ አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል፤ ዓመት ሆኖታል፤ ምን ላድርግ? እንግሊዝኛው ስህተት የለበትም። ሳነበው ግን አፈርኩ። ከስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር የተቀደደ ይመስላል። ይህን ያህል ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ይጽፋል? አጠፋሁትና ሰማያዊውን ደብተር ከፈትኩ።

"ኢሬጉላር" አልኩ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ ነው ለማለት። እውነቱን ለመናገር ያልተስተካከለው የነጠላው ጥላ ነበር። "ኖጁላር" አልኩ፣ ቋጠሮ ቋጠሮ የበዛበት፤ ይህን ቃል ካገኘሁት ሁለት ዓመት ሆኖኝ የምጠቀምበት ነገር አጥቼ ነበር። "ኢምቤድድ" አልኩ፣ በግንብ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ጠልቆ የተቀበረ። መጨረሻ ላይ "አንዪልዲንግ" ጨመርኩበት፣ ቢጫኑት ንቅንቅ የማይል። ማን ተጭኖት? ማንም። ዓረፍተ ነገሩ ግን በሦስት ቅጽል ሲያልቅ ያነክሳል፤ አራተኛው አቆመው።

ላክሁት። ሻይ አፍልቼ እየጠጣሁ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ስለ እናቴ ሕመም እየጻፍኩ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምክድበት ፊት የለኝም።

መልሱ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። በአማርኛ ነበር፤ በዚህ ትንሽ ቅር እንዳለኝ አስታውሳለሁ። "መምህር፣ እንደጻፉት ከሆነ የሚዘገይበት ነገር አይደለም። እናትዎን በዚህ ሳምንት ይዘው ይምጡ" ይላል። ቅሬታዬ ወዲያው ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ስልኩን ለባዮሎጂ መምህሩ አሳየሁት። የእኔን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ቀረ። "እንዲህ ነው እንዴ የሆነው?" ብቻ አለኝ። እኔም "እንዲህ ነው" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሎቼ ከእጄ ከወጡ በኋላ እኔን ራሴን አሳመኑኝ። እናቴ አንገት ላይ በእርግጥ ቋጠሮ የበዛበት፣ የተቀበረ፣ የማይነቃነቅ ነገር አለ ብዬ አመንኩ፤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ።

እናቴን ደወልኩላት።

"ሐኪሙ በዚህ ሳምንት ይዘሃት ና አለኝ" አልኳት።

"ሳያየኝ እንዴት አወቀ?"

"የጻፍኩለትን አንብቦ ነው።"

"ምን ብለህ ጻፍክለት?"

"እንዳየሁት ነዋ።"

 ከኋላዋ ጥጃ ሲጮህ ይሰማኛል። "እሺ፣ ያ ኢልማ ኮ" አለች፤ ልጄ ሆይ ማለቷ ነው። "የፈጠረን ያውቃል።"

የቀረውን እዚያው ካቺሲ ያለችው እህቴ እያለቀሰች በስልክ ነገረችኝ። እናቴ ስልኩን እንደዘጋች የነፍስ አባቷን አስጠራች። ላሟን ለእህቴ ሰጠች። ሳጥኗን ከፍታ ጋቢውን ለእገሊት፣ ጃንጥላውን ለቤተ ክርስቲያን ብላ ደለደለች። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ሰባት ዓመት ያላነጋገረቻትን የጎረቤቷን ቤት አንኳኳች። ጠባቸው የጎርፍ ቦይ ነበር፤ ማን ወደ ማን ግቢ እንደመለሰው እስካሁን አልተጣራም። ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ቄስ ገብቶበት አልሆነም። ያን ቀን እናቴ በሩ ላይ ቆማ "እኔ ልሄድ ነው፤ ይቅር በይኝ" ስትላት ሴትየዋ ጮኻ አቀፈቻት፣ ሁለቱም ተላቀሱ። ሽማግሌ ሰባት ዓመት ያቃተውን የእኔ አራት ቅጽሎች በሁለት ቀን አስታረቁት። በሥራዬ ሁሉ ይህን ያህል ኃይል ያለው ነገር ጽፌ አላውቅም።

አምቦ መናኸሪያ ከቅጥቅጡ ላይ ስትወርድ የክት ልብሷን ለብሳ ነበር። "ምነው የክት ለበስሽ?" ብላት "አዲስ አበባ አይደል የምሄደው?" አለችኝና ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አልወደድኩትም። ለእኔ ብላ ያመጣችው ነበር።

ሐኪሙ ከእኔ አሥር ዓመት የሚያንስ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ሆኖ አገኘሁት። እኔ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን የእንግሊዝኛ ንግግር ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ እሱ ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠግቶ "አዴ፣ አካም ጂርቱ?" ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት። ለካ የወለጋ ልጅ ነው። የእናቴ ፊት ተፈታ። የጤና ሰላምታውን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ተጠያየቁ። ቀጥሎ ስለ እብጠቱ ጠየቃት። እሷም በኦሮምኛ ነገረችው።

"መጀመሪያ ምስር ታህል ነበር" አለች። "ክረምት ሲገባ አተር ሆነች። አሁን ባቄላ ታህላለች። ልሙጥ ናት፤ ጎርበጥ የሚል ነገር የላትም። ጣቴን ሳሳርፍባት ትሸሻለች፣ ስተዋት ትመለሳለች። አታመኝም። በዚያ ጎን ስተኛ ብቻ ትቆረቁረኛለች።"

መጠኑን፣ ቅርጹን፣ ልስላሴውን፣ አቀማመጡን፣ ሁሉንም በሰባት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሐኪሙ እየሰማ በፍጥነት ይጽፍ ነበር፤ አንዱንም ድገሚልኝ አላላትም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የእኔን መልእክት ከፈተና አንድ ጊዜ ወደ ስልኩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ወረቀቱ ተመለከተ።

"ይህን አይቶ የጻፈው ማን ነው?" አለ።

እናቴ ቀና አለች። "ልጄ ነው! መምህር ነው፤ የእንግሊዝኛ መምህር" አለች፣ የታመመ አንገቷን ቀጥ አድርጋ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ ነክተውታል?"

"በደንብ አይቼዋለሁ" አልኩ።

"ነክተውታል ወይ ነው ያልኩዎ።"

 እናቴ እያየችኝ ነበር።

"እነዚህ የጻፏቸው አራት ቃላት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኛ ዘንድ እያንዳንዳቸው ክፉ ምልክት ናቸው። አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ሐኪም እንቅልፍ አይወስደውም።" ተነስቶ እጁን ታጠበ፣ አንገቷን በሁለት እጁ ዳሰሰ፣ ቆየበት። ከዚያ "ይምጡ፣ እርስዎም ይታጠቡ" አለኝ።

እጄን ታጠብኩ። ሁለት ጣቴን ይዞ እናቴ አንገት ላይ አሳረፋቸው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ጀርባዋ ላይ ስታዝለኝ ካልሆነ በቀር የእናቴን አንገት ነክቼ አላውቅም። ቆዳዋ ሞቃት ነበር። ከሥሩ አንዲት ልሙጥ ነገር፣ እንደተዘፈዘፈ ባቄላ፣ ጣቴ ሲያርፍባት ሸሸት አለች፤ ላላ ሳደርግላት ተመለሰች። ቋጠሮ የላትም። አልተቀበረችም። ከሰማያዊው ደብተሬ ውስጥ አንድም ቃል ትዝ አላለኝም።

ሐኪሙ ለማረጋገጥ በመርፌ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ዘመድ ቤት አርፈን ጠበቅን። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አልናገርም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ሞትን በገዛ እጄ ጽፌ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ውጤቱ ሲመጣ ክፉ ነገር አልተገኘባትም። "በየወሩ ይዳሰስ" አለ ሐኪሙ። "ካደገ፣ ከጠጠረ፣ መሸሹን ከተወ ያን ጊዜ ይጻፉልኝ። በአማርኛ።" ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መስዬ ወጣሁ።

በመመለሻው መንገድ የአዲስ ዓለምን ከተማ አለፍን። ከዚያ በኋላ እኔ አልቻልኩምና ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብተሩን፣ ጥላውን፣ አራተኛውን ቅጽል እንዲያምር ብዬ እንደጨመርኩት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ላሚቱንስ ምን ላድርግ?" አለች። "እህትህን መልሺልኝ ልበላት?"

"ይቅር በይኝ እማዬ።"

"ለላሟ አይደለም።" በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ እርሻው አየች። "ከአንተ በፊት ለማንም አላሳየሁም፤ ለእህትህም። ያን ቀን አንገቴን የገለጥኩልህ እንድትነካልኝ ነበር። ደብተር ስታወጣ ጊዜ፣ ልጄም ተጸየፈኝ ብዬ ሸፈንኩት።"

"ተጸይፌ አይደለም" አልኳት። "ፈርቼ ነው።"

"እኔስ አልፈራሁም?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እስከ አምቦ ድረስ ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ተኛች። እኔ አልተኛሁም። አፍሬ ነበር፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ያን ቀን መስኮቱ ሥር አንገቷን አዘንብላ ምን ያህል እንደቆየች አሁን ነው የገባኝ።

ላሟ እህቴ ዘንድ ቀረች፤ ወልዳለች። ቦዩም እንዳለ ነው፤ ግን ጎረቤቷና እናቴ አሁን አብረው ማኅበር ይሄዳሉ፣ ጎርፉም ወደ ፈለገው ይሄዳል። ሰማያዊው ደብተር መደርደሪያ ላይ አለ። አልጣልኩትም፤ ቃላቱ ምን አጠፉ? የባዮሎጂ መምህሩ ግን እስካሁን ዳቦ ሲሰጠኝ መጀመሪያ "ንካው" ይለኛል።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ካቺሲ እሄዳለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ተቆፍሮ የተረሳ ብዙ ቦታ አለው። እንደደረስኩ እናቴ ውሃ ታስታጥበኛለች፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ትገልጣለች። ጣቶቼን አሳርፋለሁ።

"ምን ትላለች?" ትለኛለች።

"ትሸሻለች እማዬ።"

"ትሽሽ" ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

ለመዳሰሱ ይህን ያህል በቂ ነው። እኔ ግን እጄን ቶሎ አላነሳም።